ከሻትሌን እስከ ጠፈር ጣቢያ፣ ደርሶ መልስ

ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ምድር ከላይ ስትታይ እንዴት ናት?» ይለኛል። ታምራለች እላለሁ፤ ታምራለችም። ግን መስኮቱ ጋ የቆየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። የቀረውን ወይ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ወይ አሞኝ ነበር፣ ወይ የጠፋብኝን መነጽር እየፈለግሁ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ ለማትሄዱት የመንገዱን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ነገር እንደነበረ ልንገራችሁ። እዚያ ተቀብሎ ስላስተናገደኝ ሰውም እነግራችኋለሁ።

ሂሩት እባላለሁ። ሐኪም ነኝ፤ ዙሪክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የደም ሥር ሕመም አክማለሁ። የምኖረው ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በረገንስዶርፍ ከልጄ ከሊያ ጋር ነው። እናቴ ግን ዛሬም ጄኔቫ፣ ሻትሌን ሠፈር፣ እኔን ባሳደገችበት ፎቅ ላይ ነው ያለችው። ወደ ጣቢያው የተላክሁት ክብደት በሌለበት ቦታ የሰው ደም በአንገት ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ለመመርመር ነው። ለዓመታት ስሠለጥን ቆይቼ ተራዬ ሲደርስ የተሰማኝ ከደስታው ይልቅ ድካሙ ነበር።

እሑድ፣ ጄኔቫ

ጉዞው የጀመረው ከእናቴ ቤት ነው። ተጓዦች ከሰው ተለይተው ወደሚቆዩበት ማግለያ ከመግባቴ በፊት ልሰናበታት ሄጄ ገና በሩን ሳልዘጋ፣ «ጩኮው ደረሰ?» አለችኝ።

ከወራት በፊት ጩኮ ለውሳ ሰጥታኝ ነበር። ያኔ፣ «እማዬ፣ አያስገቡልኝም እኮ። የሚፈረፈር ነገር አየር ላይ ይበተንና መሣሪያ ውስጥ ይገባል» ብያት ነበር። «ጩኮ መቼ ይፈረፈራል? እንደ ጭቃ ነው የሚጣበቀው። ንገሪያቸው!» ብላ ተቆጣችኝ። ነገርኳቸው። የምግብ መርማሪዎቹ ወስደው ፈተሹት፤ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ፈቀዱት። ከእኔ በፊት በጭነት መንኮራኩር ሄደ።

«ደርሷል እማዬ። ከእኔ ቀድሞ ነው የደረሰው።»

«ጎሽ! ጾም ይሆናል ብዬ ቅቤ አላስነካሁትም፤ በዘይት ነው። ስለ ጾሙም አባን ጠይቄያቸዋለሁ። ፀሐይዋ እዚያ በቀን ስንቴ እንደምትወጣና እንደምትጠልቅ ነግሬያቸው፣ በየትኛው ትጹም? አልኳቸው። ‹በጄኔቫ ሰዓት ትጹም። ካቃታት ደግሞ መንገደኛ ናት፣ ትተወው› አሉ።»

ጉልበቷ እያመማት እስከ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ሸኘችኝ። ባቡሩ ሲመጣ አቀፈችኝና፣ «ስትደርሺ ደውዪ» አለችኝ፤ በርን ከተማ ለስብሰባ የምሄድ ይመስል። ሎዛንን እንዳለፍን እንቅልፍ ወሰደኝና ዙሪክ ላይ ተቆጣጣሪዋ ቀሰቀሰችኝ።

ሰኞ፣ ረገንስዶርፍ

ሊያ እስክመለስ ዋሊሰለን አባቷ ዘንድ ነው የምትቆየው። ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። እዚህ እንደተወለዱት ልጆች ሁሉ አማርኛዋ ጀርመንኛ የተሰነቀረበት ነው።

«ማሚ፣ እኔ ፍርሃት የለኝም» አለችኝ። «አበር አንቺ ሁሌ ደክሞሻል። እዚያ ትተኛለሽ፣ ጌል?»

«አበር» «ግን» ማለት ነው፤ «ጌል» ደግሞ የዙሪክ ሰዎች «አይደል?» ማለታቸው ነው። እተኛለሁ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስላለው ማግለያ የምነግራችሁ ብዙ የለም። ከውቅያኖስ ማዶ፣ ባሕር ዳር ያለ ነጭ ቤት ነው። ጉንፋን ይዘን እንዳንሄድ ሰው አይነካንም፤ እኛም ማንንም አንነካም። የምንነሣበት ቀን ሲደርስ ዳይፐር ታጥቀን፣ የበረራ ልብስ ለብሰን፣ ሮኬቱ አናት ላይ በጀርባችን ተንጋለን ታሠርን። ጀርባዬ ደንዝዞ እግሬን መስማት ሳቆም፣ «ነፋስ አለ፤ ውረዱ» ተባልን። በማግሥቱም እንደዚያው። እኛ አገር ባቡር ትንሽ ሲዘገይ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ይጠየቃል። እዚያ ይቅርታ የሚጠይቅ የለም፤ ነፋስን ማን ይጠይቀዋል?

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

በመጨረሻ ተነሣን። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ነው፤ ድንጋይ በሞላበት መንገድ ላይ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጣችሁ አስቡት። ከዚያ ደረት ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላል። ከዚያ ደግሞ ድንገት ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ክንድ ሳያዝዙት ብድግ ይላል።

ከሁላችንም መጀመሪያ ያስመለሰው እኔን ነው፤ ሐኪሟን። አብራሪያችን ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ከረጢት አቀበለችኝ። ትንሽ ቆይታ ሌላ ጨመረችልኝ። እስክንደርስ ድረስ ያየሁት አገር ቢኖር የከረጢቱ አፍ ነው።

ዓርብ፣ ጣቢያው

መንኮራኩሯ ከጣቢያው ጋር ተያይዛ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ነው፤ የብየዳ ቤት ሽታ። ቀጥሎ አንድ እጅ መጣና ክንዴን ያዘ። ሄኒንግ ነበር። ዴንማርካዊ ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ የጣቢያው አዛዥ።

«ምንም አትናገሪ» አለኝ። «መጀመሪያ ሆድሽ ይረጋጋ። ሰላምታው ይደርሳል።»

ከዓይኔ ላይ አምልጦ ይንሳፈፍ የነበረውን መነጽሬን ቀልቦ ኪሱ ከተተልኝ። ከዚያ እንደ ሻንጣ እየጎተተ ወደ ማደሪያዬ ወሰደኝ። ማደሪያ ስል ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር ነው፤ ግድግዳው ላይ የመኝታ ከረጢት ታሥሯል። የእናቴ ጓዳ ይሰፋል። ጣቢያው ሙሉ በአየር ማዘዋወሪያ ድምፅ ይጮኻል፤ እኛ ፎቅ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አልጋ ዘርግታችሁ እንደመተኛት ነው። የእኔ ክፍል ግን ጸጥ ያለ ነበር። ለምን እንደሆነ በኋላ ከሚዶሪ ሰማሁ። ሚዶሪ የጣቢያው መሐንዲስ ናት፤ ጃፓናዊት።

«የራሱን ክፍል ነው የሰጠሽ» አለችኝ። «እሱ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ራሱን አሥሮ ነው የሚተኛው። ለታመመ እንግዳ ሁሌ እንደዚህ ያደርጋል።»

እራት ላይ ጩኮው ወጣ። ከጥቅሉ በማንኪያ እየዛቅን ተቀባበልነው። እንደ እናቴ ቃል አንዲት ፍርፋሪ አልወጣችውም። ሄኒንግ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

«ምንድን ነው?»

«ገብስ። እናቴ ናት የሠራችው።»

«እናትሽ እዚህ መሥራት አለባት» አለና ጥቅሉን ወደ ራሱ ሳበ። ከተነሣሁበት ቀን ጀምሮ ሆዴ የተቀበለው የመጀመሪያ ምግብ እሱ ነው።

ቅዳሜና እሑድ

ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉም ይጠይቀኛል፤ አየር ይስባል፣ ያ ይበቃችኋል። የሚከብደው ስፖርቱ ነው። አጥንትና ጡንቻ እንዳይሰንፍ በየቀኑ በማሽን ላይ መሮጥ ግዴታ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ በተራ ነው። እኛ ረገንስዶርፍ ባለው ፎቅ የልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ቫሽኩሼ የሚሉት፣ እንደዚያው በተራ ነው። ተራዋን ያሳለፈች ሴት ጎረቤት ለወር ያህል በጎሪጥ ትታያለች። ስለዚህ ሥርዓቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሩጫው ነው። ፊቴ አብጦ፣ ወገቤ እየተወጋ፣ ላቡ ሳይንጠባጠብ እንደ ጀል አንገቴ ላይ እየተቆለለ እሮጣለሁ።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ከጣቢያው ስልክ ሲደወል የሚታየው ቁጥር እንግዳ ነው።

«አሎ?»

«እማ...»

«ኖን መርሲ! አልፈልግም! ኢንሹራንስ አለኝ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በየቀኑ እየደወሉ የጤና መድን ለውጪ የሚሏት ደላሎች መስለዋት ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጋችው። በመጨረሻ ሊያን ዋሊሰለን ደውዬ አገኘኋትና እሷ ለአያቷ ነግራልኝ ተገናኘን።

«ምነው በዚህ ቁጥር ደወልሽ?» አለችኝ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉ። «በልተሻል?»

«በልቻለሁ። ጩኮውን ወደዱት።»

«አልኩሽ። ድምፅሽ ግን ደክሟል።»

ደክሞኛል አልኳት። ለሌላ ሰው ቢሆን ደህና ነኝ እል ነበር።

ሰኞ፣ ምርመራው

ሥራዬ የሁሉንም አንገት በአልትራሳውንድ ማየት ነበር። ከራሴ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ሚዶሪን፤ ከዚያ ሄኒንግን። ምሳ በልቶ፣ እያፏጨ ነው የመጣው። ሐሙስ ከጣቢያው ውጭ ወጥቶ፣ የማቀዝቀዣ ቧንቧ ሊቀይር ቀጠሮ ነበረው። ስለዚያ ሥራ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል።

ጀሉን ቀብቼ መሣሪያውን አስጠጋሁ። ግራ አንገቱ ላይ ስደርስ መሣሪያውን እዚያው አቆምኩት።

«ምን አየሽ?»

«ቆይ አንዴ። አትንቀሳቀስ።»

ትልቁ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ደሙ አይሄድም። ስጫነው መጨፍለቅ ነበረበት፤ አልተጨፈለቀም። ለማረጋገጥ ደገምኩት። ዙሪክ ቢሆን ባልደረባ ጠርቼ አሳይ ነበር። እዚያ የምጠራው ሰው አልነበረም።

«የረጋ ደም አለ» አልኩት። «ያምሃል?»

«ምንም አይሰማኝም።» ስክሪኑን ራሱ ተመለከተ። «ምን ያደርገኛል?»

«ባለበት ሊቀር ይችላል። ተቆርሶ ወደ ሳንባህ ሊሄድም ይችላል።»

ፊቱን ከስክሪኑ መለሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐሙስ ነው የምወጣው» አለ። «ዓመታት የሠለጠንኩበት ሥራ ነው፤ ወጥቼ አላውቅም። ከዚህ በኋላ በዕድሜዬ ማንም አይልከኝም። ዓርብ መርምሪኝ፣ ሂሩት። ዓርብ ያየሽውን ዓርብ ንገሪያቸው።»

«የደም ማቅጠኛውን ዛሬ ነው መጀመር ያለብህ። እሱን የጀመረ ሰው ደግሞ በቀላሉ ስለሚደማ ወደ ውጭ አይወጣም።»

«ጥቂት ቀን ነው።»

ልስማማ ፈለግሁ። የማድርበት ክፍል የእሱ ነው፤ መነጽሬ በጠፋ ቁጥር ፈልጎ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ደግሞም ክርክር የሚችል ጉልበት አልነበረኝም። እሺ ማለት ቀላሉ መንገድ ነበር።

«ውጭ ሳለህ ትንፋሽ ቢያጥርህ» አልኩት፣ «ሚዶሪ ብቻዋን ምን ታደርጋለች?»

ሚዶሪ ናት አብራው የምትወጣው። በፎጣ አንገቱን ቀስ ብሎ ጠረገ፤ አንዲት ጠብታ ጀል አምልጣ ስትንሳፈፍ እሷንም ቀልቦ ጠረጋት።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ንገሪያቸው» አለና ሄደ።

ምድር ላይ ሆኖ ለሚከታተለን ሐኪም በተዘጋ መስመር ነገርኩት። ሥዕሎቹን አይቶ፣ «ልክ ነሽ፤ ጥሩ ሥራ ነው የሠራሽው» አለኝ። ምንም ደስ አላለኝም።

ማክሰኞና ረቡዕ

ሄኒንግ አልሰደበኝም፤ ፊቱንም አላጠቆረብኝም። ማውራት ብቻ ተወ። ምግብ ሲያሞቅ የእኔንም ያሞቃል፤ አቀብሎኝ ይሄዳል። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ከማያወራችሁ ሰው ጋር በቀን ስንቴ ትከሻ ለትከሻ እንደምትተላለፉ ልነግራችሁ አልችልም።

በእሱ ክፍል መተኛት አላስቻለኝም። ከረጢቴን ፈትቼ ግምጃ ቤቱ ሄድኩ።

«ክፍልህን ውሰድ። እኔ አሁን ተሽሎኛል።»

ከሥራው ቀና አላለም። «እንግዳ ነሽ» አለ። ከረጢቴን ይዤ ተመለስኩ፤ ተኝቼ ግን አላደርኩም።

መድኃኒቱ በመርፌ የሚሰጥ ነው። ምድር ላይ ብልቃጥ ሲዘቀዝቁት ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል፤ አየሩም ይለያል። እዚያ ታች የሚባል የለም፤ መድኃኒቱና አየሩ አንድ ላይ አረፋ ሆነው ይቀራሉ። ያለው ዘዴ ብልቃጡን በእጅ ይዞ ክንድን እንደ ወንጭፍ ማሽከርከር ነው። ረቡዕ ጠዋት ሳሽከረክር ገላዬ በሌላው በኩል መዞር ጀመረ። ጭንቅላቴን ኮርኒሱ መታኝ፤ እንደገና ዞርኩ። ሄኒንግ ሆዱን ገልጦ መርፌውን እየጠበቀ ሲያየኝ ቆየ። በመጨረሻ ሁለት ቁርጭምጭሚቴን ያዘ።

«ቀጥዪ» አለኝ። «ይዤሻለሁ።»

አሽከረከርኩ። እየሳቀ እንደነበረ ያወቅሁት እጆቹ እግሬ ላይ ሲንቀጠቀጡ ነው። እኔም ሳቅሁ። ከወጋሁት በኋላ ግን እንደገና ዝም አለ።

ሐሙስ

በእሱ ምትክ አብራሪያችን ከሚዶሪ ጋር ወጣች። እሱ ውስጥ ሆኖ በሬዲዮ መራቸው። ቧንቧውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሥዕል አላየም። «አሁን ግራ እጅሽ ሥር መያዣ አለ፤ ያዢው። ጎሽ። አትቸኩዪ» ይላል። ሰዓታት ሙሉ እንደዚያ፣ ድምፁ አንድም ጊዜ ከፍ ሳይል። እኔ አጠገቡ ሆኜ ውኃ አቀብለው ነበር።

ሥራው ሲያልቅ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ትልቁ መስኮት ሄደ። ተከተልኩት። ማልቀሱን ያየሁት እዚያ ነው። እዚያ እንባ አይወርድም፤ ዓይን ላይ እንደ ውኃ ድቡልቡል ተጠራቅሞ ይቀመጣል። እጅጌዬን ሰጠሁት፤ ጠረገበት።

ከበታችን አውሮፓ እያለፈች ነበር፤ አብዛኛው ደመና ነው። በአንድ ክፍት በኩል ማጭድ የመሰለ ውኃ ታየ።

«ያንቺ ሐይቅ አይደለም?» አለኝ።

የእኔ ነበር። ጫፉ ላይ ጄኔቫ፣ ከጄኔቫ ሻትሌን፣ ከሻትሌን አንዱ ፎቅ ላይ እናቴ። ምናልባት ለደላሎች ስልክ እየዘጋች። ላሳየው ጣቴን ስዘረጋ ደመናው ሸፈነው።

መመለሻ

እኔ ስመለስ ሄኒንግ ገና ወራት ይቀሩት ነበር። መርፌውን ራሱ መወጋት አስተማርኩት፤ ሚዶሪ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ልትይዝ ቃል ገባች። መንኮራኩሯ ውስጥ ስገባ ቀበቶዬን እሱ አጠበቀልኝ። ይቅር እንዳለኝ ወይም እንዳላለኝ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «መነጽርሽን አጥብቂ» ብሎ በሩን ዘጋው።

አወራረዱ እሳት ነው፣ ከዚያ ጃንጥላ፣ ከዚያ ባሕር። ባሕሩ እንደገና አስመለሰኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ክብደት ነው። ምላስ ይከብዳል። የስልክ ክብደት ያስገርማል። ለምርመራ አቆይተውኝ ዙሪክ ስደርስ ሊያ ከአየር ማረፊያው እስከ ቤት ድረስ ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ፤ ደረጃው ላይ እንደ አሮጊት አሳረፈችኝ።

በማግሥቱ እናቴ ብቻዋን ከጄኔቫ መጣች። ባቡር ተሳስታ ባዝል ደርሳ ኖሮ፣ የምስር ወጥ ድስቷን እንዳቀፈች አንድ ተማሪ ትክክለኛው ባቡር ላይ አሳፍሯት ነው የደረሰችው። ስታየኝ ስለ ጠፈር አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እግሬን በሙቅ ውኃ አጥባ፣ «ተኚ» አለችኝ። ተኛሁ። ስነቃ ወጡ ሞቆ ነበር።

ሄኒንግ ዙሪክ የመጣው እሱም ከተመለሰ በኋላ፣ በጸደይ፣ አንገቱን እንድመረምርለት ነው። ከስቷል። የምርመራ አልጋው ላይ ወጥቶ እስኪጋደም ጊዜ ወሰደበት። ሥሩ በከፊል ተከፍቷል፤ ግድግዳው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። መልካም ነው አልኩት።

ሸሚዙን እየቆለፈ፣ «ዝም ብትዪ ኖሮ ምን እሆን ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም። ምናልባት ምንም አትሆንም ነበር።»

«ምናልባት ምንም» ብሎ ደገመው። «እኔም የማስበው እሱን ነው። አሁንም ተናድጄብሻለሁ፣ ታውቂያለሽ? ጠዋት ስነሣ እናደዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ይለቀኛል።»

«አሁንስ?»

የግድግዳውን ሰዓት አየ። «ከሰዓት በኋላ ነው» አለ።

እስከ ትራም ማቆሚያው ሸኘሁት። መንገዱ አጭር ነው፤ ለሁለታችንም ግን ረጅም ሆነብን። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትራሙ መጥቶ በሩን ከፈተ።

«የሚቀጥለውን እይዛለሁ» አለ።

የሚቀጥለውም መጣ። አንዳችንም አልተነሣንም።